ሽንት ማምለጥ የእርጅና ዕጣ አይደለም

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለቅሶ ቤትም ሆነ ማኅበር ስሄድ አንድ ነገር አይቀርልኝም። «ሲስተር፣ እስቲ አንዴ ላናግርሽ» ብለው ወደ ጥግ ይወስዱኛል። ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ስኳር የሚጠይቀኝ ሰው ጥግ አይፈልግም፤ እዚያው ሰው መሃል፣ ቡናው እየተቀዳ ይጠይቀኛል። ጥግ የሚያስፈልገው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እናታችንን ሽንት እያመለጣቸው ተቸገርን» ይሉኛል። ወሬው ትንሽ ሲሄድ «እናታችን» የተባሉት ራሳቸው ጠያቂዋ መሆናቸው የሚገባኝ ጊዜም አለ።

በነርስነት ከ30 ዓመት በላይ ስሠራ ሕመምተኛ ቁስሉን፣ እባጩን፣ የተሰበረ አጥንቱን ሳይሳቀቅ ሲያሳየኝ ኖሯል። ሽንቱ እንደሚያመልጠው ግን እኔው ካልጠየቅሁት በቀር የሚነግረኝ ጥቂት ነበር። አንሶላው ይነግረኛል፤ ሽታው ይነግረኛል፤ እሱ አይነግረኝም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት ለዚህ ሕመም የተተረተ ይመስለኛል። ስለዚህ የጥጉን ወሬ ዛሬ ወደ መሃል ላምጣው።

ዕድሜ ሲገፋ ፊኛ የሚይዘው መጠን መቀነሱ፣ ጡንቻው መላላቱ፣ ሌሊት አንዴ ወይም ሁለቴ መነሳት መምጣቱ እውነት ነው። ነገር ግን 80 ዓመት አልፏቸው ልብሳቸው የማይረጥብ ብዙ አዛውንቶች አሉ፤ ገና በ30ዎቹ ዕድሜ ላይ ሆነው ሞዴስ ሳያደርጉ ከቤት የማይወጡ ሴቶችም አሉ። ሽንት የሚያመልጠው ምክንያት ስላለው ነው። አብዛኛው ምክንያት ደግሞ ወይ ይታከማል፣ ወይ ይቀንሳል።

የሽንት ፊኛን እንደ ስልቻ ቁጠሩት። ከኩላሊት የሚወርደው ሽንት ጠብ ጠብ እያለ ይሞላዋል፤ ስልቻው እየተለጠጠ ይቀበላል፤ አፉ ግን እኛ እስክንፈታው ታስሮ ይቆያል። የአዋቂ ሰው ፊኛ ግማሽ ሊትር ያህል ይይዛል። «ሽንቴ መጣ» የሚለው ስሜት የሚጀምረው ግን ግማሹም ሳይሞላ ነው። ስለዚህ ጤነኛ ሰው ጊዜ አለው፤ ወሬውን ጨርሶ፣ ወጡን አማስሎ ይሄዳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ፊኛው፣ አፉን የሚያስረው ጡንቻና ከአንጎል በአከርካሪ በኩል የሚወርደው ነርቭ ሲስማሙ ነው። አንዱ ሲያጠፋ ሽንት ያመልጣል። የትኛው እንዳጠፋ ለማወቅ የመጀመሪያው ፍንጭ መቼና እንዴት እንደሚያመልጥ ማስተዋል ነው።

ስታስል፣ ስታስነጥስ፣ ስትስቅ ወይም ጀሪካን ስታነሳ ጠብ የሚልባት ሴት አፉን የሚያስረው ጡንቻ ላልቶባታል። ደጋግመው የወለዱ እናቶች ላይ በብዛት የምናየው ይህን ነው። ሽንቱ ድንገት መጥቶ፣ የበሩን ቁልፍ እየከፈተ ሳለ የሚያመልጠው ሰው ደግሞ ፊኛው ሳይሞላ እየተኮማተረ ያስቸግረዋል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ሳይታወቅ የቆየ የስኳር በሽታ፣ ስትሮክ ይህን ሊያመጡ ይችላሉ። ሦስተኛው ዓይነት ግን አታላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ጠብ ጠብ ስለሚል ቤተሰቡ ፊኛው ባዶ ይመስለዋል። ፊኛው ግን እስከ አፉ ሞልቶ እየተረፈ ነው የሚፈሰው።

በሰፈሬ አንድ ጡረተኛ ሾፌር ነበሩ። ልጆቻቸው የተባረኩ ናቸው፤ ዳይፐር ይገዛሉ፣ አንሶላ ያጥባሉ፣ አይማረሩም። «አባባ አርጅተዋል» ብለው ተቀብለውታል። ደም ግፊታቸውን ልለካ ገብቼ ሆዳቸውን ስዳብስ ከእምብርታቸው በታች የአምስት ወር እርጉዝ የሚመስል ጠንካራ ነገር ተነሥቷል። ቀስ ብዬ ጫን ስለው ሽንታቸው ወረደ። ፕሮስቴት የሚባለው ዕጢ አብጦ መውጫውን ስለዘጋው፣ ለካስ እስከዚያ ድረስ ይወርድ የነበረው የተረፈው ብቻ ነው። ጤና ጣቢያ ወስደናቸው ካቴተር ሲገባላቸው ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ወጣ። ወደ ሆስፒታል ተላኩ፤ ኩላሊታቸው ተመረመረ፤ በኋላም ኦፕራሲዮን ተደረጉ። እንዲህ ሞልቶ የሚቆይ ሽንት ወደ ኋላ እየገፋ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ዳይፐሩ ደግሞ ነገሩን ይሸፍነዋል። አንድ አዛውንት ሽንታቸው ቀጥኖ፣ እየተቆራረጠ፣ ለመጀመር እያስቸገራቸው ቆይቶ ጠብ ጠብ ማለት ከጀመረ፣ ዳይፐር ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው።

በየቤቱ የማየው ሌላው ነገር ውሃ መከልከል ነው። ልጆች ይከለክላሉ፤ ሕመምተኛውም ራሱ ይከለክላል። «ካልጠጣሁ አልሸናም» ይላል፤ ሂሳቡ ትክክል ይመስላል። ውሃ ያልጠጣ ሰው ሽንት ግን ይጠቁራል፣ ፊኛውን ይቆጠቁጠዋል፤ የተቆጠቆጠ ፊኛ ቶሎ ቶሎ ይኮማተራል። ኢንፌክሽንም ይመቸዋል። ሆድ ይደርቃል፤ የደረቀው ሰገራ ፊኛውን ከኋላ ይጫነዋል፤ ሽንቱም ይብስበታል። በዕድሜ የገፉት ላይ ማዞርና መውደቅ ይጨመራል። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮ ሐኪም መጠኑን ካልወሰነ በቀር በቀን ከ6 እስከ 8 ብርጭቆ ፈሳሽ ያስፈልጋል። ዘዴው መከልከል አይደለም፤ ሰዓቱን ማስተካከል ነው። ከጠዋት እስከ አመሻሽ ተከፋፍሎ ይጠጣ፤ ከመኝታ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ይቁም።

ቡናና ሻይ የተነካካ ፊኛን ያነቃቃሉ። በኛ አገር ቡና አትጠጡ ማለት ጎረቤት አትጠይቁ እንደማለት ስለሆነ እንዲህ አልልም። አቦሉን ጠጥተው ቶናንና በረካን ማሳለፍ ይቻላል፤ ማታ ማታ ግን ይቅር። ላሲክስ የሚወስዱ ሰዎች ሐኪሙ ካልከለከለ ጠዋት ቢወስዱት ሌሊቱን ያተርፋሉ። ቀን ሲቀመጡ ውለው እግራቸው የሚያብጥባቸውም ከሰዓት በኋላ እግራቸውን በትራስ ከፍ አድርገው ጋደም ቢሉ፣ በእግር የተጠራቀመው ውሃ ከመኝታ በፊት ይወርዳል፤ ካልሆነ ሌሊት ነው የሚወርደው። ለሆድ ድርቀት ተልባና ጎመን፣ ከበቂ ውሃ ጋር፣ እናቶቻችን የሚያውቁት ነው።

ፊኛቸው ምንም ሳይሆን የሚያመልጣቸው ሰዎችም አሉ፤ እነዚህን ሳይ በጣም አዝናለሁ። ጉልበታቸው አይታጠፍም፣ ሽንት ቤቱ የግቢው ጫፍ ላይ ነው፣ መንገዱ ጨለማ ነው፣ ደረጃ አለው፣ ተቀምጠው የሚነሡበት ነገር የለም። ሽንታቸው መጥቶ እዚያ እስኪደርሱ ያመልጣል። ለዚህ መድኃኒቱ አናጢ ነው። ጠንካራ የእንጨት ወንበር መሃሉን አስበሱና ከሥሩ ባልዲ አስቀምጡ፤ መደገፊያ እጀታ ይኑረው፤ አልጋው አጠገብ ይቁም። ፖፖ ሲሰጣቸው «የሕፃን ዕቃ» ብለው የሚያፍሩ እናቶች ወንበሩ ላይ ደስ ብሏቸው ሲቀመጡ አይቻለሁ። ለወንድ አፉ ሰፋ ያለ ባለ ክዳን ዕቃ አልጋው ሥር ማኖር ይበቃል። ሌሊት የምትበራ ትንሽ አምፖል ትኑር። ቀበቶና ዚፕ ያለው ሱሪ ቀርቶ ወገቡ ላይ ላስቲክ ያለው ይሁን። ይህ ሁሉ ከአንድ ወር ዳይፐር የሚበልጥ ወጪ የለውም።

ስትሮክ ለመታቸው ወይም መርሳት ለጀመራቸው ደግሞ ሰዓት እንጂ ስሜት አይጠበቅም። ቀን ቀን በየሁለት ሰዓቱ፣ ከቁርስ በኋላ፣ ከምሳ በኋላ፣ ከመኝታ በፊት ውሰዷቸው። «ሽንትዎ መጥቷል?» ብትሏቸው «አልመጣም» ይላሉ፤ «እስቲ አብረን እንሂድ» ይሻላል። ልብሳቸውን መነካካት፣ መቁነጥነጥ፣ ወደ በር ማየት ሲጀምሩ መምጣቱ ነው። ለሦስት ቀን ያህል በደብተር ጻፉት፤ ስንት ሰዓት ምን ጠጡ፣ ስንት ሰዓት ሸኑ፣ ስንት ሰዓት አመለጣቸው። ሦስት ቀን ሳይሞላ የራሳቸው ሰዓት ብቅ ይላል። ወደ ሐኪም ስትሄዱም ደብተሩን ያዙት፤ ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

ሲያስላቸው ወይም ሲስቁ ለሚያመልጣቸው ሴቶች ደግሞ መድኃኒት ሳይገዙ የሚሠሩት አለ። አርኖልድ ኬግል የተባለ አሜሪካዊ የማኅፀን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1948 ያሳተመው እንቅስቃሴ ነው። ሰው መሃል ጋዝ እንዳያመልጥ እንደሚይዝ ሰው፣ ከታች ያለውን ጡንቻ ወደ ላይ ሰብስቦ መያዝ ነው። አምስት እስኪቆጠር ተይዞ ይለቀቃል፤ ትንሽ ያርፋል፤ አሥር ጊዜ ይደገማል። በቀን ሦስቴ። እየለመደ ሲሄድ እስከ አሥር ይቆጠራል። ትንፋሽ አይያዝም፤ ሆድና መቀመጫ አይጨበጥም። ቡና እየቆላችሁ ብትሠሩት ማንም አያውቅባችሁም። ችግሩ ሴቶቹ ሳምንት ሠርተው «አልጠቀመኝም» ማለታቸው ነው፤ ቢያንስ ሦስት ወር ይፈልጋል። ድንገት እየመጣ የሚያስቸግራቸው ደግሞ ሲመጣ አይሩጡ፤ ቆም ብለው ጡንቻውን ይያዙ፣ ስሜቱ ጋብ ሲል በእርጋታ ይሂዱ። በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ እያዘገዩ ፊኛውን ማስለመድ ይቻላል።

ስለ ካቴተር ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ጉዳት ያየሁት እዚህ ላይ ነውና። ብዙ ሰው «ቱቦ» የሚለው ይህ ዕቃ ሽንት ለተዘጋበት ሕይወት አዳኝ ነው። ነገር ግን በገባበት በእያንዳንዱ ቀን የኢንፌክሽን ዕድል እየጨመረ ይሄዳል። በአንድ ወቅት በሠራሁበት ሆስፒታል ነርስ ስለሚያንስና አንሶላ ስለሚቸግር ብቻ፣ ሽንቱ ለሚያመልጠው ሁሉ ካቴተር ይገባ ነበር፤ ከገባ በኋላም ያስታወሰው አይኖርም። ጠዋት ሐኪሞች ሲዞሩ «ይህ ለምን ገባ? ዛሬ አይወጣም ወይ?» እያልኩ ስለምነዘንዝ ስም ወጥቶልኝ ነበር። አስታማሚም ይህን ጥያቄ የመጠየቅ መብት አለው። «መቼ ነው የሚወጣው?» በሉ። ለወንዶች እንደ ኮንዶም ከላይ የሚጠለቅ፣ ወደ ውስጥ የማይገባ ዓይነትም አለ፤ ሽንቱ ላልተዘጋበትና ለሚያመልጠው ሰው ይህ ይበጃል።

ካቴተር ይዞ ቤት የገባ ሰው ካለ፣ ከረጢቱ ምንጊዜም ከፊኛው በታች ይሁን፤ ወለል ግን አይንካ። ሰዎች ሕመምተኛውን ከመኪና ሲያወርዱ ከረጢቱን ሆዱ ላይ ሲያስቀምጡት አያለሁ፤ ያን ጊዜ የቆየው ሽንት ተመልሶ ወደ ፊኛው ይገባል። ቱቦው አይጠማዘዝ፣ ሥሩ አይተኛበት፤ እንዳይጎተትም ጭኑ ላይ በፕላስተር ይያዝ። ከረጢቱ ከግማሽ በላይ ሳይሞላ ይፍሰስ፤ ከመንካታችሁ በፊትም በኋላም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ የከረጢቱ አፍ የሚፈስበትን ዕቃ አይንካ። ቱቦውን ከከረጢቱ አትነጣጥሉት። ቱቦው የገባበትን ቦታ በቀን አንዴ በውሃና በለዘብተኛ ሳሙና ማጠብ ይበቃል፤ አልኮልና ዴቶል አያስፈልገውም፤ ያቃጥላል እንጂ። ብዙ ውሃ ይጠጣ።

ቱቦው እንዳይወጣ የሚይዘው ፊኛ ውስጥ የምትነፋ፣ በአሥር ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ የምትሞላ ትንሽ ባሉን ናት። ውሃው ሳይመጠጥ ቱቦውን የጎተተ ሰው የሽንት መውጫውን ቀድዶ ይደማል። ግራ የገባቸው አዛውንቶች ሌሊት ስለሚጎትቱት ቱቦውን በሱሪ ውስጥ ከዓይናቸው ሰውሩት። በመቀስ መቁረጥም ያው አደጋ ነው፤ የሚያወጣው ባለሙያ ነው። የገባበትንና የሚቀየርበትን ቀን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። የላቴክሱ ዓይነት እስከ 4 ሳምንት፣ ሙሉ በሙሉ ከሲሊኮን የተሠራው እስከ 12 ሳምንት ይቆያል። የትኛው እንደገባ ስትወጡ ጠይቁ። ለጥቂት ሰዓታት ከረጢቱ ውስጥ ምንም ካልገባና ሆድ ከተነፋ፣ መጀመሪያ ቱቦው ታጥፎ እንደሆነ እዩ፤ ካልሆነ ሳታድሩ ሂዱ።

በእኛ ጊዜ ዎርድ ውስጥ ማኪንቶሽ የምንለው የጎማ አንሶላ ነበር። ፍራሹን ያድናል፤ ቆዳውን ግን ያቃጥላል። በቤትም ላስቲክ ስታነጥፉ ከላዩ ወፈር ያለ ጥጥ ጨርቅ ይኑር። ያረጀ ጋቢና ፎጣ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ታጥፎ ጥሩ መምጠጫ ይሆናል፤ ዳይፐር ለማይችል ቤት ይህን ነው የምመክረው። ዳይፐርም ሆነ ጨርቅ በየሦስት አራት ሰዓቱ ይታይ፤ ሰገራ ካለበት ወዲያው ይቀየር። ቆዳው በለብ ያለ ውሃ ይታጠብ፤ በመፈተግ ሳይሆን በመጫን ይድረቅ፤ ቫዝሊን በስሱ ይቀባ። ፓውደር አትነስንሱ፤ ይጋገራል። የማይንቀሳቀስ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ ይቀየር። ወገቡ ላይ ቀልቶ፣ በጣት ሲጫኑት ቅላቱ የማይጠፋ ቦታ ካያችሁ ቁስሉ ጀምሯል ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ለይቼ የማየው አንድ ነገር ፊስቱላ ነው። ምጥ ቀናት ፈጅቶባት፣ ከወሊድ በኋላ ሽንቷ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ የሚፈስ ወጣት እናት ጡንቻዋ አልላላም፤ የሕፃኑ ጭንቅላት በቆየበት ቦታ ፊኛዋ ተቀድዷል። እንቅስቃሴም ውሃ መቀነስም አይረዳትም። ሕክምናው አገራችን ውስጥ አለ። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱ ላይም ማዕከላት አሉት፤ ሕክምናው በነፃ ነው። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ በዚያው በሐምሊኖች እጅ ታክመው ድነው፣ ኋላ ራሳቸው ፊስቱላ የሚጠግኑ ሆነዋል። ገና ጥቂት ቀን የሆነው ትንሽ ቀዳዳ በካቴተር ብቻ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ፣ «ትንሽ ትጠንክር» እያላችሁ አታቆዩአት።

ሳይውል ሳያድር ሐኪም የሚያስፈልገው ሌላም አለ፤ ጭራሽ ሽንት እምቢ ብሎ ታችኛው ሆድ ሲያብጥና ሲያም፣ ሽንት ውስጥ ደም ሲታይ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ሲል፣ ወገብ አሞት እግሩ ወይም መቀመጫው አካባቢ የደነዘዘ ሰው ድንገት ሲያመልጠው። ትናንት ደህና የነበሩ አዛውንት ዛሬ መቀባጠር ከጀመሩ «አረጁ» ከማለት በፊት ሽንታቸው ይመርመር፤ ኢንፌክሽን አዛውንት ላይ ያለ ትኩሳት እንዲህ ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ የቀሩ ብዙ አውቃለሁ። ቅዳሴው ረጅም ነው፣ ውዱእ ይፈርሳል፣ ሰው ይሸተዋል ብለው ይቀራሉ፤ ቀጥሎ ዕድር ይቀራል፣ ቀጥሎ የጎረቤት ቡና። የንስሐ አባታችሁን ወይም ኢማማችሁን ለብቻ ጠይቋቸው፤ ለሕመምተኛ የሚሆን መንገድ ያውቃሉ። በር አጠገብ መቀመጥ፣ ጥቁር ልብስ መልበስ፣ አንድ ቅያሪ በቦርሳ መያዝ ብዙ ሰው ከቤት አውጥቷል።

አስታማሚዋ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ሴት ልጅ ወይም ምራት ናት። ሌሊት ሦስቴ እየተነሣች ጠዋት ሥራ ትገባለች፤ ትቆጣለች፣ ከዚያ በመቆጣቷ ታለቅሳለች። ወንድሞች ገንዘብ መላክ ብቻውን እንዳይበቃቸው እነግራቸዋለሁ። ከረጢት ማፍሰስና አንሶላ መለወጥ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚለመድ ነው። በቅርቡ የገባሁበት አንድ ቤት፣ የሌሊቱ ተራ በወረቀት ተጽፎ ከካቴተሩ መቀየሪያ ቀን ጎን ተለጥፏል፤ ማክሰኞና ዓርብ የታላቅ ወንድምየው ነበር።